ኩፓሩክ ወንዝ ላይ ሙቀት ስለካ

ኩፓሩክ ሰሜን አላስካ ውስጥ፣ ከብሩክስ ተራሮች ወዲያ ያለ ወንዝ ነው። እዚያ የሰመር ሥራዬ የውሃውን ሙቀት መለካት ነበር። ዓላማው ግሬይሊንግ የሚባለው ዓሣ የት የት እንደሚመቸው ማወቅ ነው።

መሣሪያው ትንሽ ናት፤ በየሰዓቱ ትመዘግባለች። ከመውጣታችን በፊት ሁሉንም በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ እንከታቸዋለን። 0 ዲግሪ ያላነበበ ይቀራል። ከዚያ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብተን ቱቦውን ወንዙ ወለል ላይ በተመታ ፌሮ እናስራለን። ያለ ቱቦው ፀሐይ መሣሪያዋን ራሷን ታሞቃታለች፤ ሰኔ ላይ ደግሞ እዚያ ፀሐይ የሚባል ነገር አይጠልቅም። ዳር ላይ ማሰር አያዋጣም። ውሃው ሲጎድል መሣሪያዋ አየር ላይ ትቀራለች። የቀንና የሌሊቱ ልዩነት በድንገት ከሰፋ፣ የምታነበው አየሩን ነው።

ቁጥሮቹ ሲገቡ መጀመሪያ የተጠራጠርኩት አማካዩን ነው። ገባር ጅረቶቹ እንደ ዶቃ የተያያዙ ትናንሽ ኩሬዎች ናቸው። ፀሐይ በወጣበት ቀን የኩሬው አናት ሞቆ ወለሉ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ከሥር ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚቆይ አፈር፣ አለ። ዓሣው ከላይ ወደ ታች ብቻ ወርዶ ሌላ አየር ንብረት ያገኛል ማለት ይቻላል። ይህ ቀላል አይደለም፦ አንድ ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ ወደ 14.6 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ በ20 ዲግሪ 9 ገደማ ነው የሚይዘው። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ዓሣው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል።

ግን «ሙቀት መጥፎ ነው» ብሎ መደምደም እዚህ አይሠራም። ኩፓሩክ ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ጫጩቶች ውሃው ሲሞቅና ሲቀንስ የተሻለ ያድጋሉ። ትልልቆቹ ግን የሚያድጉት ወንዙ ሲሞላ ነው፤ ምግባቸውን፣ ማለትም ነፍሳቱን፣ የሚያመጣላቸው ጎርፉ ነዋ! አንዱን የጠቀመ ዓመት ሌላውን ያስርባል።

በእኔ ግምት ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሰጋው አብሮት የሚመጣው ድርቅ ነው። ወንዙ በብርዱ ወራት አብዛኛው እስከ ወለሉ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ግሬይሊንጎቹ ከዚያ በፊት መነሻው ላይ ወዳለው ሐይቅ መውጣት አለባቸው። መንገዱ ከደረቀ መውጫ የላቸውም።

ጥቂት መሣሪያ ብቻ ያለው ሰው ሁለቱን አንድ ኩሬ ውስጥ፣ ላይና ታች ያድርግ። ሦስተኛዋን ወደ ሐይቁ በሚወስደው ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ይሰር። በረዶው ነቅሎ ሳይወስዳቸው በፊት፣ ነሐሴ ሳያልቅ ይሰብስባቸው።