«ላንተ እውነት ነው» ከተባልኩ በኋላ፦ የስምንት ወር የንባብ ማስታወሻ

ከስምንት ወር በፊት ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር ስለ ትንሣኤ አወራን። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ባዶውን መቃብር፣ የዓይን ምስክሮቹን፣ ስለ ምስክርነታቸው መከራ የተቀበሉትን ሐዋርያት። ትሞግተኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በጥሞና ሰምታ ስታበቃ «ደስ ይላል፤ ላንተ እውነት ነው» አለችኝ። አላስተባበለችም፣ አላፌዘችም። ለክርክሬ መልስ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ ክርክሩ ጭራሽ የማያስፈልገው ሰው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ማታ ደብተሬን ከፍቼ አንድ ገጽ ለሁለት ከፈልኩ። በግራ «ዘመናዊነት፦ እውነት አለ ይላል፣ ወዳጅ»፤ በቀኝ «ድኅረ ዘመናዊነት፦ እውነት የለም ይላል፣ ጠላት»። ዘመናዊነት ያልኩት በምክንያት ወደ እርግጠኛ እውነት እንደርሳለን የሚለውን የአውሮፓ አስተሳሰብ ነው፤ ድኅረ ዘመናዊነት ደግሞ ይህን እርግጠኝነት የጠረጠረውን። ገጹ አሁንም አለ፤ ሳየው አፍራለሁ። ይህ ጽሑፍ ያ ገጽ እንዴት እየተሰረዘ እንደሄደ የሚናገር ነው። የምማረው ፍልስፍና ስላልሆነ የሳትኩት ካለ አርሙኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ወሰደብኝ። የክህደት አባት መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። በ1641 የታተሙትን «ሜዲቴሽንስ» (አስተንትኖዎች) ስከፍት ግን ሦስተኛው አስተንትኖ ላይ ሰውየው ስለ እግዚአብሔር መኖር ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር አገኘሁት። ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ ቅደም ተከተሉን ልብ ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። ዴካርት ሁሉን ይጠራጠራል፤ ከዚያ ማሰቡን ሊጠራጠር እንደማይችል ያገኛል፤ ከራሱ ተነሥቶ እግዚአብሔር ጋ ይደርሳል፤ ከዚያም እግዚአብሔር አታላይ ስላልሆነ ጥርት ብሎ የሚታየኝን ነገር ማመን እችላለሁ ይላል። እግዚአብሔር የገባው ዋስ ሆኖ ነው። ዋስ ደግሞ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ማን ያስታውሰዋል?

ከዴካርት ሺህ ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስም «ብሳሳት እንኳ አለሁ» የሚል ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፎ ነበር። ነገር ግን «ኑዛዜ» የተባለውን መጽሐፉን ብታነቡት ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ እግዚአብሔርን «አንተ» እያለ ነው የሚጽፈው። ጥርጣሬውንም፣ ስርቆቱንም፣ ስለ ጊዜ ያለውን ግራ መጋባትም የሚያወራው ለእሱ ነው። ዴካርት ስለ እግዚአብሔር ያወራል፤ አውግስጢኖስ ከእግዚአብሔር ጋር ያወራል። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ለጓደኛዬ ያዘጋጀሁትን ወረቀት መልሼ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር የዴካርት ነበር።

የዴካርት ዘመነኛ የነበረው ፓስካልስ? ያውም የሒሳብ ሊቅ ነው። በ1654 በአንድ የኅዳር ሌሊት ያጋጠመውን በቁራጭ ጽሑፍ አስፍሮ በልብሱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ይዞት ዞረ፤ የተገኘው በ1662 ከሞተ በኋላ ነው። ጽሑፉ ቀኑንና ሰዓቱን ካሰፈረ በኋላ «እሳት» ይልና የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ እንጂ የፈላስፎችና የሊቃውንት አይደለም ይላል። ማስረጃ አነሰኝ ብሎ ምክንያትን የሸሸ ሰው ቢሆን አልገረምም ነበር።

በሦስተኛው ወር ዘመናዊነትን ለመጥላት ተዘጋጅቼ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ጋ ሄድኩ፤ አልቻልኩም። በ1784 ስለ አብርሆት (በራስ አእምሮ የማሰብ ድፍረት) ምንነት የጻፋት ጽሑፍ አጭር ናት፤ በአንድ ቁጭታ ታልቃለች። ሰው በገዛ ጥፋቱ ከሞግዚት እጅ እንዳልወጣ ይናገርና ምሳሌ ይሰጣል፤ በእኔ ፈንታ የሚያስተውል መጽሐፍ፣ በእኔ ፈንታ ሕሊና የሚሆን መጋቢ፣ አመጋገቤን የሚወስንልኝ ሐኪም ካሉኝ እኔ ምን አደከመኝ! ሁለተኛዋ ምሳሌ እኔን በስሜ የጠራችኝ ያህል ተሰማኝ። ጳውሎስም በገላትያ መልእክቱ ሞግዚት የሚለውን ቃል ለሕግ ተጠቅሞበታል፤ ልጁ ሲያድግ ሞግዚቱ ሥራው ያበቃል። ስለዚህ ከግራው ዓምድ «ወዳጅ» የሚለውን በጥያቄ ምልክት ተካሁት እንጂ «ጠላት» ብዬ ልጽፍበት አልሆነልኝም።

ቀጥሎ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሊዮታር። ድኅረ ዘመናዊነትን በታላላቅ ትረካዎች (ሁሉን ነገር በአንድ ታሪክ በሚያስረዱ ትረካዎች) ላይ ያደረ አለማመን ብሎ የበየነው በ1979 መጽሐፉ ነው። የዐመፅ አዋጅ ጠብቄ ነበር፤ ለካ መጽሐፉ የኬቤክ መንግሥት የዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት ያስጠናው ዘገባ ነው! ኮምፒውተር በገባባቸው ማኅበረሰቦች ውስጥ የእውቀት ዕጣ ምን ይሆናል የሚል ጥናት። በዋናነት የሚሞግታቸውም ሳይንስ ራሱን ሕጋዊ ለማድረግ የሚጠጋባቸው ትረካዎች ናቸው፤ እውቀት የሰውን ልጅ ነጻ ያወጣል የሚለው አንዱ ነው። ከዚህ ተነሥተው መጽሐፍ ቅዱስ በሁሉ ሰው ምክንያታዊነት ራሱን ላስመስክር ስለማይል የሊዮታር ትችት አይነካውም የሚሉ ክርስቲያኖች አሉ። መልሱ በጣም ስለተመቸኝ ጠረጠርኩት። «በመጀመሪያ» ብሎ ጀምሮ በአዲስ ሰማይና በአዲስ ምድር የሚዘጋ መጽሐፍ ታላቅ ትረካ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እዚህ ላይ ገና አልቆረጥኩም።

ሌላውን ፈረንሳዊ ፈላስፋ ዴሪዳን ከሃያ ገጽ በላይ አልዘለቅኩትም። አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፤ ጽሑፍ ብዙ ትርጉም ሊያዝል መቻሉ ያን ያህል አላስደነገጠኝም። የእኛ አንድምታ መምህራን «አንድም» እያሉ ለአንዲት ቃል ሦስት አራት ፍቺ ሲደረድሩ ኖረዋል፤ ስለዚህ እውነት የለም ብለው ግን መጽሐፉን አልዘጉም።

አምስተኛውና ስድስተኛው ወር የፈረንሳዊው ፈላስፋ የፉኮ ነው፤ እዚህ ረዘም እላለሁ። በ1975 ስለ እስር ቤት አጀማመር የጻፈው መጽሐፍ የሚከፈተው በ1757 በፓሪስ በአደባባይ በተፈጸመ አሰቃቂ ቅጣት ነው። ገጹን ስትገልጡ ከሰማንያ ዓመታት በኋላ የወጣ የእስረኞች የቀን ሰሌዳ ይመጣል፤ መቼ እንደሚነሡ፣ መቼ እንደሚጸልዩ፣ መቼ እንደሚሠሩ። ቅጣቱ ለዘበ ማለት ነው? ፉኮ ከርኅራኄ ይልቅ የሥልጣን አሠራር ተለወጠ ባይ ነው፤ ከሥጋ ወደ ነፍስ ተሻገረ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቤንታም ያሰበውን ወህኒ ቤትም ያመጣል፤ መካከሉ ላይ ማማ፣ ዙሪያውን ክፍሎች። እስረኛው ጠባቂው መቼ እንደሚያየው ስለማያውቅ ራሱ የራሱ ጠባቂ ይሆናል።

ይህን ሳነብ የምመራት ትንሿ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን መጣችብኝ። በየሳምንቱ ሁሉም ድክመቱን ይናገር ብዬ የደነገግሁት እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ መጨረሻ የምናገረውም እኔ፤ ከድክመቶቼ ቀለል ያለውን መርጬ። አንድ ልጅ መቅረት ሲጀምር ደብተሬ ላይ «መንፈሳዊ ድካም» ብዬ መዘገብኩ። ማማው ላይ የቆመው ማን እንደነበር ለማወቅ አምላክ የለም የሚል ፈረንሳዊ አስፈለገኝ። ልጁን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሕጉንም አነሣሁ። ልጁ ወደ ቡድኑ አልተመለሰም፤ ሰላምታ ግን አለን።

ሆኖም ፉኮን እስከ መጨረሻው ልከተለው አልቻልኩም። ምክንያቴ ነቢዩ ናታን ነው። ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን ሲወስድ ናታን ስለ አንዲት በግ አጭር ታሪክ ነግሮት «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ንጉሥን በጥርጣሬ ማየት ነቢያት ቀድመው የሠሩት ሥራ ነው፤ እዚህ ድረስ ፉኮና ናታን ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ነገር ግን እውነት ሁሉ የሥልጣን ልብስ ብቻ ከሆነ የናታንም ቃል አንዱ ጉልበት ሌላውን ሲገፋ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ኦርዮ ምን ቀረለት? የተበደለ ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው «ይህ በእርግጥ ተደርጎብሃል» የሚለውን ሰው ይመስለኛል። «ላንተ እውነት ነው» ቢሉት ሁለተኛ በደል ነው።

ከዚህ በኋላ ፖላኒን ያገኘሁት በጥሩ ሰዓት ነበር። ኬሚስት ነበር፤ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ እውቀት ሁሉ የአዋቂው እጅ አለበት ይላል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቅበትን የፊዚክስ ሕግ መናገር አይችልም፤ መንዳቱን ግን ያውቃል። ሳይንቲስቱም ቢሆን ካመነበት ወገን ቆሞ፣ ልሳሳት እችላለሁ እያለ፣ ያገኘው ነገር ግን ለሁሉ ሰው እውነት እንደሆነ አድርጎ ያቀርባል። «የእኔ» እና «እውነት» በሁለት ዓምድ መቀመጥ አልነበረባቸውም። የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እውነት ከሆነ ግን ለእኔ ብቻ ሊሆን አይችልም። ደብተሬ ላይ መካከል የነበረችውን መስመር የሰረዝኩት ያን ቀን ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከጓደኛዬ ጋር እንደገና ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ ወረቀት አልያዝኩም። መጀመሪያ ያን ቀን ስላስተማርኳት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሳቀች። ከዚያ የኦርዮን ነገር አነሣሁና «ሰው በድሎሽ ስትነግሪኝ ላንቺ እውነት ነው ብልሽስ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና ጥያቄውን ወደ እኔ አዞረችው። «እሺ፤ ያንተ እምነት ሐሰት ቢሆን በምን ታውቀዋለህ?»

ቆሮንቶስን ገልጬ ሰጠኋት፤ ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችንም እምነታችሁም ከንቱ ነው የሚለውን። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይህን መጀመሪያውኑ ለምን አላሳየኸኝም?» አለች። የምመልሰው አልነበረኝም። ያኔ ልረታት ነበር የፈለግሁት፤ ይህ ጥቅስ ደግሞ የምረታበትን በር እንደሚከፍት ሁሉ የምትረታኝበትንም በር ለእሷ ይከፍትላታል።

ለሚቀጥለው ወር ፈላስፋው ሂዩም በ1748 ስለ ተአምራት የጻፈውን ምዕራፍ አብረን ልናነብ ተስማምተናል። የመረጠችው እሷ ናት። ቀድሜ ጀምሬዋለሁ፤ እስካሁን ኅዳጉ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ጥያቄ ነው።