ጅማ ላይ ቤተሰብ ስንል ማንን ነው?

ከአዲስ አበባ ተነስቼ በወልቂጤ በኩል የጊቤን ሸለቆ ወርጄና ወጥቼ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ጅማ ገባሁ። የመጣሁት የቤተሰብ ኑሮን ለማጥናት ነው። ከተማዋ የጅማ ኦሮሞ አገር ናት፤ ቡናውና ንግዱ ደግሞ አማራውን፣ ጉራጌውን፣ ዳውሮውን፣ የሙንና ከፋውን በየሰፈሩ አጎራብቷል። ባህልን ከባህል ለማነጻጸር አጥር መሻገር ይበቃል።

ሂርማታ አካባቢ አንድ የኦሮሞ አዛውንት ቤት ቡና እየተፈላ ገባሁ። “ሐጂ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?” ስላቸው “ዘጠኝ” አሉኝ። ስም በስም ስንመዘግብ የመጨረሻዋ በጉዲፈቻ የመጣች ሆነች። መጠይቁ ለእንዲህ ያለ ልጅ የተለየ ዓምድ ስላለው እዚያ ልጽፋት ስል ባለቤታቸው ጀበናውን አስቀመጡና “እሷን ለይተህ የምትጽፍ ከሆነ የሌሎቹንም ሰርዝ” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በኦሮሞ ባህል የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠራል፤ የአሳዳጊውን ጎሳ ይይዛል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻን ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጥራል። የእስልምና የውርስ ሥርዓት ግን ይለያል፤ የጉዲፈቻ ልጅ በውርስ ድርሻ የላትም። ሐጂ ይህን አልሸሸጉኝም። “ሸሪዓው እስከ ሲሶ ድረስ መናዘዝ ይፈቅድልኛል፤ ለእሷ ተናዝዣለሁ” አሉ። ባህል፣ ሃይማኖትና የመንግሥት ሕግ እዚያች ሳሎን ውስጥ ተገናኝተው ነበር፤ አንዱም ሳይጣስ ለልጅቷ መንገድ ተገኝቶላታል። ይህን ያህል አስተዋይነት በመጻሕፍት ክምር ውስጥ ስፈልግ አላገኘሁም።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት እናት ከጎንደር የመጡ ናቸው። ሐጂ የትውልድ ሐረጋቸውን በአባት በኩል ብቻ ሽቅብ ቆጥረው ነበር፤ እኚህ እናት ግን በአባትም በእናትም ወገን እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ እየዘረጉ ወረቀቴን ሞሉት። የአማራ ርስት በሁለቱም ወገን ይወረስ ስለነበር የእናት ወገን መቁጠር ጥቅም ነበረው። ለጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ማጥራት ያስፈልጋል። “ልጄ፣ ዘመድህን ካላወቅህ እህትህን ታገባለህ” አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ቀልድ የሚባል አልነበረም።

የሐጂን ቤት አይቶ “የኦሮሞ ቤተሰብ እንዲህ ነው” ብሎ መደምደም አይቻልም። ነጋዴ ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ ከተሜ ናቸው፤ በብሔር ስም ብቻ ቤተሰብን የሚመድብ ጥናት ይህን ሁሉ ይውጠዋል። ስለዚህ የጉዲፈቻውን ዓምድ ከመጠይቁ አውጥቼ ሦስት ጥያቄዎች ተካሁበት፦ ማን አሳደገው? ማንን ይጦራል? ከማን ይወርሳል? ቆጪ ሰፈር ያሉት የዳውሮና የየም ቤተሰቦች የሚጠየቁት በእነዚህ ነው።