ወንድሜ ተኝቶ ሲሻለው፣ ቀና ሲል ሲብሰው

ወንድሜ ወድቆ ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመታ። ያበጠው አንጎሉ ውስጥ ውስጡን እንዳይታፈን ሐኪሞቹ በቀኝ በኩል የራስ ቅሉን አጥንት አነሱለት። ሕይወቱ ተረፈ። ውሎ አድሮ በስሜ ጠራኝ፣ ተደግፎ መራመድም ጀመረ። ተመስገን፣ አለፈልን አልኩ።

በሁለተኛው ወር ግን ወደኋላ ተመለሰ። ግራ እጁ ብርጭቆ መያዝ አቃተው፣ ንግግሩ ተጎተተ። ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል። ጠያቂው ሁሉ “ተስፋ ቆርጦ ነው” ይላል። እኔም አምኜ “ጠንከር በል እንጂ!” እያልኩ ጨቀጨቅኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

መላ ሲጠፋኝ ደብተር ይዤ መጻፍ ጀመርኩ፤ ሰዓቱን፣ ተኝቶ ይሁን ተቀምጦ፣ እጁ እንዴት እንደሆነ። በአራተኛው ቀን ነገሩ ታየኝ። ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ ጣቶቼን ጥብቅ አድርጎ ይጨብጣል። ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ ከቆየ ያው እጅ ይዝላል። አጥንት የሌለበት ቦታ ደግሞ፣ ያኔ አብጦ የነበረው፣ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ሲተኛ ትንሽ ሞላ ይላል።

ደብተሩንና በስልኬ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ለነርቭ ቀዶ ሐኪሙ አሳየሁ። ሲቲ ስካን ተነሳ። አንጎሉ ከጎደጎደው ወገን ወደ ሌላው ተገፍቷል። አጥንቱ ከሌለ የውጭው አየር ግፊት በቆዳው በኩል አንጎልን ይጫነዋል፤ የደሙም፣ አንጎልንና የጀርባ ነርቭን የከበበው ፈሳሽም ዝውውር ይታወካል። ቀና ሲሉ ፈሳሹ ወደ ጀርባ ስለሚወርድ ይብሳል። ሐኪሞች ይህን ችግር ስም ሰጥተው የጻፉበት እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። እኛ ግን ስንወጣ ማንም አልነገረንም።

አንጀቴን የበላው ትራሱ ነው። አንጎሉ ባበጠበት ሰሞን “ራሱን ከፍ አድርጉት” ተብለን ነበር። እብጠቱ ከጠፋ በኋላም ሁለት ትራስ እየደራረብኩ ቀጠልኩ። አሁን ሐኪሙ ጠፍጣፋ ተኝቶ ፈሳሽ በደንብ እንዲወስድ አዘዘ። እናንተ ግን ሐኪም ሳትጠይቁ ትራስ አታውጡ። የሚጥል በሽታ፣ ኢንፌክሽን ወይም አንጎል ውስጥ የተጠራቀመ ውሃም እንዲህ ያደርጋል፤ ሕክምናቸውም የተለያየ ነው። ከጀርባ ፈሳሽ ሊቀዳ ከታሰበም የራስ ቅሉ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሊያባብሰው ይችላል።

ዋናው መድኃኒት ክፍቱን መዝጋት ነው። በማቀዝቀዣ የተቀመጠለት የራሱ አጥንት ተመለሰለት። ንግግሩ ገና ይጎተታል። ግን በአምስተኛው ቀን፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ብርጭቆውን በግራ እጁ አነሳ።