የሱሉልታው ፍሪጅ

የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወደ ሶላር የገባሁት ግን በቅርቡ ነው። ይህ የምነግራችሁ በ2016 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ የገጠመኝ ነው። ሦስተኛ የሶላር ሥራዬ ነበር።

መጋቢት ላይ አንዲት ሴት ከዱባይ ደወለችልኝ። እናቷ ሱሉልታ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊናቸው ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መብራቱ ደግሞ ሄድ መለስ ይላል። «ወንድሜ፣ ገንዘቡን ትንሽ ትንሽ እያልኩ አጠራቅሜያለሁ። እማዬ ጨለማ ውስጥ እንዳታድር። ትልቁን አድርግላት» አለችኝ።

እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ኪሎዋት ይሁን?»

ጎረቤታቸው ባለ 3 ማስገባቱን ሰምታ ኖሮ «5 ይሁን» አለች። እሺ አልኩ። መርካቶ ወርጄ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ገዛሁ፤ የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት መብራት የሚቀይረው ዕቃ ነው። ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ እሱ በላው። በቀረው ባለ 400 ዋት አራት ፓኔልና ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት አራት ጄል ባትሪ ወሰድኩ። ሁለት ቀን ሠርተን ጨረስን። እማማ ቡና አፍልተው መረቁን። ልጃቸው በቪዲዮ እያየች አለቀሰች። ሥራዬን ወደድኩት።

ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይጮሃል። ፍሪጁም ቆሟል። መድኃኒቴን ምን ላድርገው?»

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ዝናብ ዛፍ ጥሎ መስመሩን በጥሶት ነበር። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ሌሊቱ ነው። እኔ አዲስ አበባ አልጋዬ ላይ ነኝ። በዚያ ሰዓት ልደርስላቸው አልችልም። ኢንሱሊኑን አጥብቀው በላስቲክ እንዲጠቀልሉትና እርጥብ ጨርቅ በተጠመጠመበት ገንቦ ውስጥ እንዲያኖሩት ነገርኳቸው። የሱሉልታ ብርድ በዚያ ሌሊት ረድቶናል። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስደን ስናሳየው ደህና ነው አሉን። እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም።

በማግስቱ ያደረግኩት ነገር በመጋቢት ማድረግ የነበረብኝ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዤ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማታ ምን ምን ይበራል? እስከ ስንት ሰዓት? ፍሪጁን ከዋት መለኪያ ጋር ሰክቼ አንድ ሙሉ ቀን ተውኩት። አሮጌ ፍሪጅ ነው። በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት በላ። አምፖሎቹ፣ ቴሌቪዥኑና ዋይፋዩ ተደምረው ወደ 0.8 መጡ። በድምሩ 2 ኪሎዋት ሰዓት። ብዙ አይደለም። ታዲያ ምን በላው?

ኢንቨርተሩ ራሱ። ይህን ነው ያላሰብኩት። ትልቅ ኢንቨርተር ምንም ሳይሸከም እንኳ ለራሱ ይበላል። ያኛው ሲለካ 60 ዋት ገደማ ሆነ። 60 ዋት የአንድ የድሮ አምፖል ያህል ነው፤ ብዙ አይመስልም። ግን ሌት ተቀን ነው። በ24 ሰዓት ሲባዛ 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከፍሪጁ ይበልጣል! እማማን ከጨለማ ለማዳን ብዬ ያስገባሁት ዕቃ ከሁሉ የባሰ በላተኛ ሆኖ ተገኘ።

ባትሪውስ? አራቱ ጄል ባትሪዎች ወረቀት ላይ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ናቸው። ጄል ግን ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በታች ባይወርድ ነው የሚመረጠው። ስለዚህ በእጃችን ያለው 2.4 ነው። በበጋ ፀሐይ ቀን ቀን ስለሚሞላ ጉድለቱ አይታይም ነበር። ፓኔሎቹ በጥሩ ቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣሉ። በሐምሌ ደመና ግን 2 የማይሞላበት ቀን ነበር። በዚያ ላይ ከግቢው ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ከሰዓት በኋላ አንዱን ፓኔል ያጠላበታል። ፓኔሎቹ በተከታታይ ሲታሰሩ የአንዱ ጥላ ሌሎቹንም ይጎዳል።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ኢንቨርተሩ ባትሪው ስንት ቮልት ሲደርስ እንዲያቆም ፋብሪካው 42 ላይ አድርጎት ነበር የመጣው። እንዳለ ተውኩት። አራቱ ባትሪዎች በተከታታይ ስለታሰሩ ይህ ማለት ለእያንዳንዱ 10.5 ቮልት ነው። ተሟጦ አለቀ ማለት ነው። ሰኔና ሐምሌን ባትሪዎቹ በተደጋጋሚ ሲሟጠጡ ከርመዋል። ስፈትሻቸው ሁለቱ የድሮ አቅማቸውን ግማሽ እንኳ አይዙም። አራት ወር ያልሞላቸው ባትሪዎች!

ነገሩን ለእማማ ሳስረዳ እንዲህ አልኳቸው። ኪሎዋት ጉልበት ነው። ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ ስንቅ። እኔ ለርስዎ ጉልበተኛ ተሸካሚ ቀጠርኩ፤ ስንቁን ግን ለግማሽ መንገድ ብቻ ቋጠርኩለት። «እና ተሸካሚው ራሱ ስንቁን በላው በለኛ» አሉ። ልክ ነበሩ።

ከዚያ ለልጃቸው ደወልኩ። ከባድ ስልክ ነበር። ያ ገንዘብ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ተሠርቶ የመጣ ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አሁን ምን ይሻላል?» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ኢንቨርተሩን የዳቦ ማሽን ላለው አንድ ሰው ሸጥነው። እሱ ጉልበቱን በትክክል ይፈልገዋል። በምትኩ ባለ 3 ኪሎዋት አስገባን። ሲነሣ ብዙ የሚስበውን የፍሪጁን ሞተር ያለ ችግር ይችላል፤ ለራሱ የሚበላው ደግሞ 30 ዋት አካባቢ ነው። ስትገዙ «ኬቪኤ» እና «ኪሎዋት» አንድ እንዳይመስሏችሁ። 5 ኬቪኤ የተባለው ብዙ ጊዜ 4 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የሚያወጣው ሞገድም ንጹሕ ሳይን፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ፣ መሆኑን ጠይቁ። ርካሾቹ ላይ የፍሪጅ ሞተር ይግላል፣ ያቃስታል።

ባትሪውን በሊቲየም ቀየርነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው፤ 25.6 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት። 5.1 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ከዚህ 80 በመቶውን ሳንሳሳ ብንጠቀምበት 4 እናገኛለን። ዋጋው ከጄል ይወደዳል። ልዩነቱንና የእጅ ዋጋዬን እኔ ቻልኩ። ለወራት ከብዶኛል፤ ግን የሚገባኝ ነበር። ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪውን ዓይነት ሊቲየም ብዬ ሞላሁ፤ ኢኳላይዜሽን የሚባለውን ጠንካራ አሞላል ዘጋሁ። እሱ ለውኃ ባትሪ እንጂ ለሊቲየም አይሆንም። ሁለት ፓኔል ጨምረን ሁሉንም ከጥላው አራቅናቸው።

ምጣዱን ከሶላሩ ጋር አላገናኘሁትም። እማማ ጠይቀውኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ለአንድ ጋገራ ሲባል የሌሊቱን ስንቅ መጨረስ አይሆንም። «እንግዲያው መብራት በመጣ ቀን እጋግራለሁ» አሉና ተስማሙ።

አሁን አንድ ሰው ደውሎ «ስንት ኪሎዋት ላስገባ?» ሲለኝ ዋጋ አልነግረውም። ሌሊት ቢጠፋ የማትችለው ነገር ምንድን ነው እለዋለሁ። አንዱ ፍሪጅ ይላል፣ አንዱ የኦክስጅን ማሽን፣ አንዷ የተማሪ ልጇን መብራት። ከዚያ ሰዓቱን እንቆጥራለን፣ በክረምቱ ፀሐይ እናሰላለን፣ ባትሪውን እንመርጣለን። ኢንቨርተሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ይሰለቸዋል፤ ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ይሂድ።

በቀጣዩ ነሐሴ እማማ ቤት በጠዋት ሄድኩ። መብራት ማታ ጠፍቶ ገና አልመጣም። የኢንቨርተሩ መስኮት 58 በመቶ ይላል። ፍሪጁን ከፈቱልኝ። ኢንሱሊኑ በር ላይ ተደርድሯል፤ ከጎኑ ያስቀመጥኩላቸው ትንሽ ቴርሞሜትር 5 ዲግሪ ያሳያል። ባሕር ዛፉ ግን ዓመቱን አድጎ እንደገና ወደ ጣሪያው ዘንበል ብሏል። ቅዳሜ መጋዝ ይዤ እመለሳለሁ ብያቸው ወጣሁ።