ማር የማትሰጠዋ ንብ

ባለፈው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። ቆሻሻ ልጥል በጓሮ በር ስወጣ፣ ደረጃው ሥር ሲሚንቶው ላይ አንድ ጸጉራም ነገር አየሁ። የአውራ ጣቴን አንጓ ታክላለች። ጥቁር ናት፤ አንገቷ ላይ ቢጫ መቀነት፣ ሆዷ ላይ ሌላ ቢጫ፣ ጭራዋ ደግሞ የቆሸሸ ነጭ። የሞተች መሰለኝ። በጫማዬ ጫፍ ገፋ ላደርጋት ስል መካከለኛ እግሯን ወደ ላይ አነሳች። ቀስ ብላ፣ እጅ እንደሚነሳ ሰው። ሰላም ያለችኝ መስሎኝ ሳቄ መጣ። በኋላ ሳነብ ለካ «አትጠጊኝ» ማለቷ ኖሯል።

ለንደን ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ይህችን ንብ ስንት ጊዜ አይቻት ይሆን? ፌርማታው አጠገብ፣ መናፈሻው ውስጥ፣ የጎረቤት አጥር ላይ። «ትልቅ ንብ» ብዬ አልፋት ነበር። ስሟን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ ባምብልቢ። እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ሃያ ምናምን ዓይነት አላት። በአማርኛ ምን እንደምላት ግን ግራ ገባኝ። እኛ አገር የለችማ። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አትገኝም።

ያን ቀን ጠዋት የታየኝ ርቧት እንደሆነ ነው። የንብ አርቢ ልጅ ነኝ። አባባ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ዛሬም ቀፎ አላቸው፤ አበባ በሚጠፋበት ጊዜ ለንቦቻቸው ስኳርና በሶ ያቀርባሉ። ሮጬ ገባሁና እሳቸው የላኩልኝን ማር በማንኪያ ቀዳሁ። ልጄ ስልኳን ይዛ ቆመችብኝ። «እማዬ ማር አይሰጥም፤ የሌላ ቀፎ በሽታ ሊኖረው ይችላል» አለችኝ። የአባቴን ማር! ለአፍታ ተናደድኩ። ግን እውነቷን ነው። ስኳር በውሃ በጠበጥኩ።

ማንኪያውን አፏ ሥር ሳደርገው መጀመሪያ ምንም አላለችም። ከዚያ ከአገጯ ሥር ቡናማ ምላስ ዘረጋች፤ ረጅም፣ ቀጭን። ጠጣች። ከዚያ ቆማ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ልትሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ የክንፏን ጡንቻ እያሞቀች ነው። ገላዋ 30 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ መብረር አትችልም። ጠዋት ጠዋት ሞተር አስነስቶ የሚጠብቅ የጭነት መኪና ሾፌር በሏት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድምጿን ከፍ አድርጋ በአጥሩ ላይ ሄደች።

ማታ ለአባባ ደውዬ ነገርኳቸው።

«ጥንዚዛ ትሆናለች» አሉ። «ያቺ የጣራውን እንጨት የምትበሳዋ።»

«አይደለችም አባባ። ንብ ናት። ጸጉራም ናት።»

«ማሯስ?»

«ማር እንኳ የላትም። ለልጆቿ የምትሆን ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው የምታስቀምጠው።»

«ታዲያ ምን ልትሆንሽ ታበያታለሽ?»

መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ጓሮዬን ማየት ጀመርኩ። ጓሮ ይሉታል እንጂ ሁለት ፍራሽ ቢነጠፍበት ይሞላል። ጎመን፣ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ በማሰሮ ውስጥ ጤና አዳም። ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። አፈር ስቆፍር ደረቱ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ትል ሲወጣ ላፍ ነው። አገር ቤት በሬ ሲያርስ ነጫጭ ወፎች ከኋላ ይከተሉ የለ? ይሄም ያው ነው፤ በሬዋ እኔ ነኝ። ቀበሮዋን ግን አልወዳትም። በጥር ሌሊት ስትጮህ ሰው የሚታረድ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ዓመት ፖሊስ ልጠራ ስልክ አንስቼ ነበር።

የአባባን ጥያቄ የመለሰልኝ ቲማቲሙ ነው። ሰኔ ላይ ውሃ ሳጠጣ አንዷ መጣች። አበባውን በመንጋጋዋ ነክሳ ተንጠለጠለችበት። ክንፏን አጥፋ «ዝዝዝ» አለች፤ ከበረራዋ ድምፅ ቀጠን ያለ፣ የተናደደች የሚመስል። ከአበባው ጫፍ ቢጫ ዱቄት ሆዷ ላይ ሲረግፍ በዓይኔ አየሁ። የቲማቲም አበባ ዱቄቱን እንደ ጨው መነስነሻ ውስጡ ነው የሚይዘው። ካላንቀጠቀጡት አይሰጥም። የማር ንብ ይህን አትችልበትም። የቲማቲም ገበሬዎች እንዲያውም ባምብልቢን በካርቶን እየገዙ ግሪንሃውስ ውስጥ ይለቋታል።

ይህን ለአባባ ስነግራቸው «እንዴ» ብቻ አሉ። ቲማቲም ለእሳቸው ያን ያህል ነገር አይደለም። የገረማቸው ማገጥ የሚባለው የመኖ ተክል ታሪክ ነው። እንግሊዞች ኒውዚላንድ ሲሰፍሩ ለከብት መኖ ቀይ ማገጥ ዘሩ። በቀለ፣ አበበ፤ ዘር ግን በቅጡ አልያዘም። አበባው ጥልቅ ነው፣ የማር ንብ ምላስ አይደርስበትም። በመጨረሻ በ1885 እ.ኤ.አ. ባምብልቢዎችን በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ ማቀዝቀዣ ባለው መርከብ ከእንግሊዝ ወሰዱ። ከዚያ ማገጡ ዘር መስጠት ጀመረ።

«በመርከብ?» አሉ አባባ። «ንብ?»

«አዎ አባባ።»

«ለማገጥ ብለው?» ማገጥን ያውቁታል። ንቦቻቸውም ያውቁታል። ትንሽ ዝም አሉና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። እንደገባቸው አወቅኩ።

ሐምሌ ላይ ጎጆዋን አገኘሁት። የዕቃ ማስቀመጫዋ ሥር፣ አሮጌ የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ነው። መጋቢት ላይ ያበላኋት ራሷ ትሁን ልጇ አላውቅም። እኔ ግን ራሷ ናት ብያለሁ፤ ማን ይከራከረኛል? ለሁለት ሳምንት ያህል ቡናዬን ይዤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሲገቡና ሲወጡ አየሁ። እግራቸው ላይ ቢጫና ብርቱካንማ ጓዝ ተሸክመው ይመጣሉ። አንዳንዷ ጭነቱ በዝቶባት ቀዳዳውን ስታ ግድግዳ ትመታለች።

መስከረም ላይ ጸጥ አለ። ጥቅምት ላይ አንድም አልቀረም። ለንደን ውስጥ ብርዱንም የሚያልፉ ጎጆዎች አሉ ይባላል፤ የእኔዎቹ ግን አለቁ። የማር ንብ ተቃቅፋ፣ ማሯን እየበላች ብርዱን ታልፋለች። ባምብልቢ ግን አሮጌዋ አውራ፣ ንግሥቲቱ፣ ትሞታለች፣ ሠራተኞቹ ይሞታሉ፣ ወንዶቹ ድንጉላዎችም ይሞታሉ። የሚተርፉት አዲሶቹ አውራዎች ብቻ ናቸው። እነሱም እያንዳንዳቸው ለየብቻ አፈር ቆፍረው ይተኛሉ።

አባባ ይህን ሲሰሙ ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሀሎ?»

«አለሁ። ቀፎው እንዳለ ያልቃል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«አውራዋ ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«እንግዲህ ማን ያሞቃታል?»

ትናንት ደወሉ። የካቲት ተጋምሷል፣ ውጭው አሁንም ነጭ አመዳይ ነው። የአባባ ሰላምታ በወትሮው አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እኔ፣ ልጄ፣ ሥራው፣ ጉልበቴ። ትናንት ሁሉንም ዘለሉት።

«ወጣች?» አሉ።

«ማን?»

«አውራዋ ነቻ።»

«ገና ነው አባባ። ብርዱ አልለቀቀም።»

«ስትወጣ በስኳር ብቻ አታታልያት። በሶ አቅምሻት። እቤትሽ ከሌለ ሰው ሲመጣ እልካለሁ።»