ከዝርዝሩ የቀረችው የማታ ክኒን

ታካሚው በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ሳለ ይጥለው ስለነበር ከጤና ጣቢያ ፊኖባርቢታል ተሰጥቶት ለዓመታት ወስዷል። የሚጥለው በአንጎሉ የግራ ፊት ክፍል ባደገ አስትሮሳይቶማ በተባለ ዕጢ ምክንያት መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ፣ ኤም.አር.አይ. ሲነሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አሜሪካ ከገባ በኋላ ዕጢው ተመለሰ፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ ቴሞዞሎማይድ፣ ቀጥሎም ሎሙስቲን (ሁለቱም የኬሞ መድኃኒቶች ናቸው) ተሰጠው። ያም ሆኖ ዕጢው በኮንትራስት (ለምስል በደም ሥር በሚሰጥ ማድመቂያ) ደምቆ መታየት ሲጀምር ሐኪሙ በዋሽንግተን አካባቢ ወዳለ አንድ የካንሰር ማዕከል መራው፤ እዚያ የአይ.ዲ.ኤች.1 ማገጃ ክኒን፣ ማለትም በዕጢው ውስጥ የተለወጠውን አይ.ዲ.ኤች.1 የተባለ ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት፣ በጥናት ላይ ነበር።

እህቱ መጀመሪያ ያነሳችው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ የሚያነሳው ነው፦ «የተፈቀደ መድኃኒት አለ ይባል የለ እንዴ? ለምን ሙከራ ውስጥ ይገባል?» እውነት ነው፣ ቮራሲዴኒብ የተባለው የአይ.ዲ.ኤች. ማገጃ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸውና ዕጢያቸው ደረጃ 2 ለሆነ ነው። ፈቃዱ የቆመበት ኢንዲጎ የተባለው ጥናት 331 ሰዎችን ይዞ፣ ዕጢው ሳይባባስ የቆየበትን ጊዜ ከ11.1 ወር ወደ 27.7 ወር አራዝሟል፤ እነዚያ ታካሚዎች ግን ከቀዶ ሕክምና በቀር ሌላ ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። ጨረርና ኬሞ ጨርሶ ዕጢው በኮንትራስት የደመቀበት ሰው ከእነሱ ጋር አይመሳሰልም። ለእሱ ዓይነቱ ሰው መልሱ ገና እየተፈለገ ነው፤ ጥናቱም ለዚሁ ነው።

በስምምነት ቅጹ ላይ እህቱ ልታስተረጉም ተዘጋጅታ መጥታ ነበር። የጥናቱ አስተባባሪ አመሰገነቻትና በስልክ የሙያ አስተርጓሚ ጠራች። ሙሉው ቅጽ በአማርኛ ካልተተረጎመ የአሜሪካ ደንብ አጭር ቅጽ ይፈቅዳል፦ በታካሚው ቋንቋ የተጻፈ አጭር ሰነድ፣ በጽሑፍ ማጠቃለያ ላይ ተመሥርቶ በቃል የሚሰጥ የጥናቱ ማብራሪያ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ምስክር። ታካሚው አጭሩን ቅጽ ይፈርማል፣ ምስክሩ አጭሩንም ማጠቃለያውንም፣ ፈቃድ የሚቀበለው ባለሙያ ማጠቃለያውን። የቤተሰብ አስተርጓሚ ችግሩ ቋንቋ አለማወቅ አይደለም። «ላይጠቅምህ ይችላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወንድሙን የሚወድ ሰው እንዳለ አያስተላልፈውም።

የዕጢው ናሙና ቀጠለ። ጥናቱ የጠየቀው በሰም የተያዘ ብሎክ ወይም ከ4 እስከ 5 ማይክሮን የተቆረጡ፣ ያልተቀለሙ ስላይዶችን ነው። የአዲስ አበባውን ብሎክ ዘመድ በአውሮፕላን አመጣው። በፀረ እንግዳ አካል ቀለም ሲታይ አር132ኤች የተባለው ለውጥ ተገኘ፤ በግሊዮማ (አስትሮሳይቶማ የሚመደብበት የአንጎል ዕጢ ዓይነት) ከሚታዩት የአይ.ዲ.ኤች. ለውጦች 90 በመቶ ያህሉ ይሄው ነው። ዲ.ኤን.ኤ. ለማንበብ ሲሞከር ግን አልሆነም። ናሙና 10 በመቶ በሆነና አሲድነቱ በተስተካከለ ፎርማሊን ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት ሲገባው፣ ባልተስተካከለ ፎርማሊን ቀናትና ሳምንታት ከተቀመጠ ዲ.ኤን.ኤው ይሰባበራል። የሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ናሙና ተልኮ ነገሩ በዚያ ተፈታ። የድሮውን ብሎክ ማምጣት አይጎዳም፤ ግን ብቻውን ተስፋ አይጣልበትም፣ ደግሞም የፓቶሎጂ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ካልመጣ የማን እንደሆነ ማረጋገጫ ስለሌለው ላቦራቶሪው አይቀበለውም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ነጭ የደም ሕዋሱ፣ ፕላትሌቱ፣ ጉበቱ፣ የልቡ ኢ.ሲ.ጂ. አልፈዋል። በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ያሉት መድኃኒቶች ሦስት ናቸው፦ እንዳይጥለው ሌቬቲራሴታም 1000 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ 2 ሚ.ግ.፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል። የጥናቱ ፋርማሲስት ግን መዝገቡን አይታ አልፈረመችም፤ ቤት ያለው ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሎ ይምጣልኝ አለች። ከፌስታሉ የወጣው አንድ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ጽሑፍ የለም። እህቱ ስትጠየቅ፣ «እሱማ የማታ ክኒን ነው፤ እንቅልፍ ይሰጠዋል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም» አለች። ፊኖባርቢታል ነበር። አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ሌቬቲራሴታም ሲያዙለት የድሮውን ተው ያለው ስላልነበረ፣ ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው እያስላከ በየማታው ይውጥ ነበር። የደበቀው ነገር የለም። የተጠየቀው ሁልጊዜ «ለዕጢው ምን ትወስዳለህ?» ነበር።

ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? ኢቮሲዴኒብን የመሰሉ የአይ.ዲ.ኤች.1 ማገጃዎች በአብዛኛው የሚፈርሱት ጉበት ውስጥ ሲፕ-3-ኤ-4 በሚባል ኢንዛይም ነው። እንደ ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉበት ይህን ኢንዛይም አብዝቶ እንዲሠራ ያደርጋሉ። ታካሚው የጥናቱን ክኒን በታዘዘው መጠን ሳያጓድል እየዋጠ ደሙ ውስጥ የሚገኘው ከሚፈለገው በታች ይሆናል። ዕጢው ያድጋል፣ «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ተብሎ ይጻፋል፣ ከጥናቱም ይወጣል። መጠን በሚፈተንበት ጥናት ላይ ከሆነ ደግሞ የተሳሳተው መረጃ ከእሱ በኋላ ለሚመጡት የሚሰጠውን መጠን ያዛባል።

አንድ የቡድኑ አባል ወዲያው «ዛሬ ይቁም» ሲል የነርቭ ሐኪሟ ከለከለች። ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ራሱ መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ አንዳንዴም የማያቋርጥ ዓይነት። የሚቀነሰው ደረጃ በደረጃ፣ ሌቬቲራሴታሙ በቂ መሆኑ እየታየ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ቶሎ አይወጣም፤ በአዋቂ ሰው ግማሹ ከደም እስኪጠፋ ሦስት አራት ቀን ገደማ ይፈጃል፣ ጉበትም ወደ ቀድሞ ሥራው የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮቶኮሉ (የጥናቱ መመሪያ) ከመጨረሻዋ ክኒን በኋላ ቢያንስ 14 ቀን ይጠይቅ ነበር።

ያኔ ቀኖቹ አንዱ ሌላውን እየገፉ መውደቅ ጀመሩ። የማጣሪያው ጊዜ፣ ታካሚው ለጥናቱ ብቁ መሆኑ የሚመረመርበት፣ 28 ቀን ነው፤ ክኒኑን ቀስ ብሎ ለማቆም የሚያስፈልገው ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። መነሻ ኤም.አር.አይ. ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ባሉት 14 ቀናት ውስጥ መነሳት አለበት፤ የተነሳው ጊዜው ያልፍበታል። ከመጨረሻው ሎሙስቲን በኋላ 6 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፣ እሱ እንኳ በመጠባበቁ ሞልቷል። በመሃሉ ራስ ምታት ሲጠናበት የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ዴክሳሜታዞኑን ወደ 4 ሚ.ግ. ከፍ አደረገለት፤ ኤም.አር.አይው ግን በሦስተኛው ቀን ተይዞ ነበር። አስተባባሪዋ አዛወረችው፣ ጥሩም አደረገች። ስቴሮይድ የሚያፈሱትን የአንጎል ደም ሥሮች ስለሚያጠብቅ ኮንትራስቱ ይደበዝዛል፣ ዕጢው ያነሰ ይመስላል። መነሻው ላይ እንዲህ ሆኖ በኋላ ስቴሮይዱ ሲቀነስ ዕጢው ያላደገውን ያደገ ይመስላል። ስለዚህ ከምስሉ በፊት ቢያንስ 5 ቀን መጠኑ ሳይለወጥ መቆየት አለበት። የሚለካው ዕጢም በሁለቱም አቅጣጫ 10 ሚሊ ሜትር መድረስ አለበት፤ በደበዘዘ ምስል ላይ 9 ሆኖ የሚወድቅ ሰው አለ።

ማዕከሉ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ዘጋው። ዳግም ማጣሪያ ፕሮቶኮሉ አንድ ጊዜ ይፈቅድ ነበር፤ በሁሉም ጥናት ስለማይፈቀድ ይህን ከፊርማ በፊት መጠየቅ ያዋጣል። እህቱ የተጨነቀችው ግን በሁለተኛው ኤም.አር.አይ. ክፍያ ነው። የጥናቱ መድኃኒትና ለጥናቱ ብቻ ሲባል የሚደረግ ምርመራ በኩባንያው ነው፤ ታካሚው ጥናት ባይገባም ይደረግለት የነበረው በኢንሹራንስ ነው። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያለው ሰው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በጥናት ውስጥ ያለውን መደበኛ ወጪ እንዲሸፍንለት ሕግ ያስገድዳል። የትኛው ምርመራ በየትኛው በኩል እንደሚከፈል የያዘ ሰንጠረዥ ጥናቱን የሚያካሂደው ማዕከል አለው፤ አሳዩኝ ቢባል ነውር የለውም።

ከዚያ ወዲህ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣ አስተባባሪዋ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድማ በአስተርጓሚ ትደውላለች። «መድኃኒት ትወስዳለህ?» አትልም። ለእንቅልፍ የምትወስደው አለ? ለጨጓራስ? ከአገር ቤት የተላከልህ? የሚጠጣ ቅጠል፣ ዱቄት፣ ሥር አለ? ግሬፕፍሩት ትበላለህ? (እሱ በተቃራኒው ኢንዛይሙን ያግዳል፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል።) ማሸጊያው ከጠፋ ክኒኑ ላይ የተቀረጸው ፊደልና ቁጥር በስልክ ፎቶ ይነሳ። እምቢ የሚሉ አሉ፣ በተለይ ጠበል የሚጠጡ፤ ጠበልና ጸሎት እንደማይከለከል በግልጽ ሲነገራቸው ግን ስለሌላውም ይናገራሉ።

ታካሚው በሁለተኛው ማጣሪያ አለፈ። በመጀመሪያው ቀን ክኒኑን ከመዋጡ በፊትም በኋላም ኢ.ሲ.ጂ. ተነሳ፣ ደም በተቆረጠ ሰዓት ተቀዳ። ወደ ቤት ሲሄድ የክኒን መዝገብ ተሰጠው፤ የዋጠበትን ሰዓት በየቀኑ ይጽፍበታል። በየቀጠሮው ጠርሙሱን፣ ባዶም ይሁን የተረፈው ያለበት፣ ይዞ ይመጣል፤ ፋርማሲስቷ ቆጥራ ትረከባለች።