መዝገብ ያዡ መንግሥት ሲመሠርት

መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ስለዚህ የጀግና ታሪክ ሳነብ ከጠመንጃው ይልቅ ወረቀቱ ይስበኛል። ህንድ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች ለነፃነት የታገሉትን ህንዳዊውን ናና ፓቲልን የወደድኳቸውም ለዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓቲል በ1900 ዛሬ ማሃራሽትራ በምትባለው ግዛት፣ በያኔው የሳታራ አውራጃ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ሥራቸው «ታላቲ» ነበር። ታላቲ የመንደሩን የመሬት መዝገብ ይይዛል፣ ግብር ይሰበስባል። ብዕር የጨበጠ ጭቃ ሹም በሉት። ማን መሬቱን ለአራጣ አበዳሪ እንዳስያዘ፣ ማን ግብር እንዳቃተው አንድ በአንድ ያውቃል። በ1930 ጋንዲ የጨው ሕጉን ጥሰው አገሩ ሲነሳ፣ ፓቲል ሥራቸውን ጥለው ትግሉን ተቀላቀሉ። ከዚያ በኋላ ኑሮው እስር ቤት መግባትና መውጣት ሆነ።

በ1942 «እንግሊዝ ከህንድ ውጣ» የሚለው ንቅናቄ ሲታወጅ የነፃነት ትግሉን የሚመራው የኮንግረስ ፓርቲ መሪዎች በጅምላ ታፈሱ። ፓቲል ግን ተሰወሩ። በ1943 እሳቸውና ጓዶቻቸው «ፕራቲ ሳርካር» የተባለ የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ። ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መንደር ውስጥ ፍርድ ቤት ነበረው፣ ክስ በሕዝብ ፊት ይሰማል፣ አራጣ አበዳሪ የነጠቀው መሬት ለባለቤቱ ይመለሳል። መጠጥ ተከለከለ። ሰርግ ገበሬውን ዕዳ ውስጥ ይነክረው ስለነበር፣ ድግሱ የተቀነሰበት «የጋንዲ ሰርግ» ተጀመረ። (ይሄኛውን ለዘመዶቼ ብነግራቸው የሚሰማኝ የለም።) «ቱፋን ሴና»፣ ማለትም የማዕበል ሠራዊት፣ የሚባል ታጣቂ ክንድም ነበራቸው። በሰኔ 1943 ሸኖሊ አጠገብ የእንግሊዞችን ደሞዝ የጫነ ባቡር አስቁመው ገንዘቡን ወሰዱ።

የማልወድላቸው ነገርም አለ። ባንዳ የተባለውን ውስጥ እግሩን ይገርፉት ነበር። ውስጥ እግር ግርፋት ምን እንደሆነ የእኛ አገር ሰው አስረዱኝ አይልም። ዓላማው የቱንም ያህል ቢያምር ይሄ አይዋጥልኝም።

ዋጋውን ቤተሰቡም ከፍሏል። ቤትና እርሻቸው ተወረሰ፤ ጎረቤት ፖሊስ ፈርቶ ቁንጥር ጨው እንኳ ማበደር ተወ። ልጃቸው ሃውሳባይ ግን ከአባቷ አታንስም። አንድ ቀን ከፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ከአንድ ጓዷ ጋር የተጣሉ ባልና ሚስት ሆነው ቀረቡ። «ባል» ይደበድባታል፣ እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ጭንቅላትሽን ነው የማፈርሰው ይላል። ፖሊሶቹ ሊገላግሉ ወጡ። ይሄኔ ሌሎቹ ጓዶች ገብተው ጠመንጃዎቹን ይዘው እብስ! በኋላ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሃውሳባይ የተናደደችው በፖሊሶቹ ሳይሆን በ«ባሏ» ነው። ምነው የምርህን መታኸኝ ብትለው፣ እውነት መምሰል ነበረበት አላት። አሮጊት ሆናም ይህን እየሳቀች ታወራ ነበር።

ፓቲል ከተሸሸጉበት የወጡት በ1946 ነው። ነፃነት ሲመጣ ከኮንግረስ ጋር ስልጣን ሊካፈሉ አልተሰለፉም። መጀመሪያ የገበሬዎችና ሠራተኞች ፓርቲን፣ ቀጥሎ ኮሚኒስቶቹን ተቀላቀሉ። በ1957 ማራቲ ተናጋሪው ሕዝብ አንድ ግዛት ይሁንልን ሲል፣ በዚያው ማዕበል ከሰሜን ሳታራ ተመርጠው ዴልሂ ገቡ። ምክር ቤት ውስጥም በዚያው በገበሬ ማራቲያቸው ተናገሩ። በ1967 ደግሞ የመረጣቸው ቢድ ነው፤ ከሳታራ ርቆ የሚገኝ፣ ድርቅ የማያጣው አገር። በ1976 አረፉ።

ብዙ ሰው የምክር ቤት ወንበሩን የሕይወታቸው ጫፍ አድርጎ ይጽፈዋል። እኔ አይመስለኝም። የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ስለ ገበሬ መሬት ቢበዛ ጥያቄ ያቀርባል፣ ሚኒስትሩ ይመልሳል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ በቃ። በ1944 ቢሆን እነ ፓቲል ራሳቸው ፈርደው መሬቱን ያስመልሱለት ነበር።